የዩጋንዳ አየር መንገድ የሲአርጄ-900 አውሮፕላኖች ግዢ

የዩጋንዳ አየር መንገድ የሲአርጄ-900 አውሮፕላኖች ግዢ የዩጋንዳ መንግሥት ከ2001 ጀምሮ ተዘግቶ የቆየውን ብሔራዊ አየር መንገድ መልሶ ለማቋቋም ከካናዳው ቦምባርዲየር ኩባንያ አራት አዳዲስ የቀጣና ጄት አውሮፕላኖችን የገዛበት ሂደት ነው። የግዢ ትዕዛዙ ይፋ የሆነው በሐምሌ 2018 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አውሮፕላኖች ሚያዝያ 23 ቀን 2019 ኢንቴቤ ደረሱ። አየር መንገዱ መደበኛ በረራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን ነው። (በዚህ ገጽ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ግዢው በዩጋንዳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ሲሆን፣ ክርክሩ ባብዛኛው ያተኮረው በወጪው መጠንና በአስተዳደር ጉድለት ላይ ነው። ከዚህ ባልተናነሰ የአየር መንገዱን ውጤት የወሰኑት ግን ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው የአውሮፕላኖቹ ቁጥር ማነስ፣ ሁለተኛው በቀጣና ጄቶቹና ቆይተው በተገዙት ትላልቅ አውሮፕላኖች መካከል ያለው የመቀመጫ አለመመጣጠን ነው።

ታሪካዊ መነሻ

ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ እስከ 1977 ድረስ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ የተባለ የጋራ ድርጅት ነበራቸው። ይህ ድርጅት ሲፈርስ ሦስቱም አገሮች የየራሳቸውን አየር መንገድ ይዘው ቀሩ። የዩጋንዳው በኢዲ አሚን ዘመን በ1976 ተመሥርቶ በማግስቱ ዓመት በረራ የጀመረ ሲሆን፣ ዕዳ ተከማችቶበት ወደ ግል ለማዛወር የተደረገው ሙከራም ሳይሳካ በ2001 ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ከፍ ያለ ሙከራ የግል ነበር። ከአጋ ካን ጋር ግንኙነት ባላቸው ባለሀብቶች የተቋቋመው ኤር ዩጋንዳ ከ2007 እስከ 2014 ሲሠራ፣ ከሚያበርራቸው መካከል አነስተኛው የቦምባርዲየር ጄት ሲአርጄ-200 ይገኝበት ነበር። በሰኔ 2014 የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአገሪቱ የቁጥጥር ሥርዓት ላይ ባደረገው ምርመራ ማግስት፣ የዩጋንዳ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የኤር ዩጋንዳን የሥራ ፈቃድ አነሳ። ኩባንያውም ወደ ሥራ አልተመለሰም። ስለዚህ ከኢንቴቤ በትንንሽ ጄቶች ጎረቤት አገሮችን የማገናኘት ሐሳብ በ2018 አዲስ አልነበረም።

የኢንቴቤ ዓለም አቀፍ በረራ ከዚያ በኋላ በዋናነት በውጭ አየር መንገዶች እጅ ሆነ። ከካምፓላ ተነስቶ ወደ ሩቅ አገሮች የሚሄድ ነጋዴ ብዙ ጊዜ በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባ፣ በኪጋሊ ወይም በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በኩል ያልፍ ነበር። ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒና ሚኒስትሮቻቸው አየር መንገዱን ለማቋቋም ያቀረቡት ዋና ምክንያትም ይኸው ነበር። ባሕር በር የሌላት አገር ለአየር ትራንስፖርት የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ በሙሉ ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳል የሚል ነው። አዲሱ ኩባንያ በጥር 2018 በሕግ ተመዘገበ፤ ባለቤትነቱም በገንዘብ ሚኒስቴርና በሥራዎችና ትራንስፖርት ሚኒስቴር መካከል እኩል ተከፈለ።

የአውሮፕላኑ ምርጫ

ትዕዛዙ ይፋ የሆነው በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ የአየር ትርዒት ላይ ነው። በአምራቹ የዋጋ ዝርዝር መሠረት የአራቱ አውሮፕላኖች ዋጋ ወደ 190 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል። ይሁንና አየር መንገዶች አውሮፕላን ሲገዙ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ዋጋ መክፈላቸው እምብዛም ነው። አውሮፕላኖቹ በኪራይ የመጡ ሳይሆኑ በመንግሥት ገንዘብ የተገዙ ናቸው።

ሲአርጄ-900 እስከ 90 መቀመጫ ሊኖረው የሚችል፣ ሁለት ሲኤፍ34-8ሲ5 ሞተሮች ከኋላ በኩል የተገጠሙለት ጄት ነው። የዩጋንዳ አየር መንገድ 12 የቢዝነስና 64 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 76 መቀመጫ እንዲኖረው አድርጎ አዘዘው። የጓዳው ዲዛይንም ሰፋ ያሉ የሻንጣ ማስቀመጫዎች ያሉት አዲሱ ዓይነት ነበር።

ለአየር መንገዱ የመጀመሪያ መስመሮች የአውሮፕላኑ መጠን ምክንያታዊ ነበር። ከኢንቴቤ ናይሮቢ ወደ 520 ኪሎ ሜትር፣ ጁባ ወደ 540፣ ዳሬሰላም ወደ 1,070፣ ሞቃዲሾ ደግሞ ወደ 1,440 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። በእነዚህ መስመሮች ላይ 150 መቀመጫ ያለውን አውሮፕላን በቀን አንድ ጊዜ ከማብረር ይልቅ ግማሹን የሚይዘውን ሁለት ጊዜ ማብረር ለነጋዴ መንገደኛ ይመቻል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይችላልና። በሌላ በኩል እንደ ናይሮቢና ጁባ ላሉት አጭር መስመሮች ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጄቱ የሚያተርፈው ጊዜ በ520 ኪሎ ሜትር ላይ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥና ለአጭር ርቀት በረራዎቹ የመረጠው ይህንኑ ዓይነት፣ ማለትም ዳሽ 8-400ን ነው። የጄቱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እንደ ሞቃዲሾና ቆይቶ እንደተከፈተው ጆሃንስበርግ ባሉት ረዘም ያሉ መስመሮች ላይ ነው። አንድን ዓይነት አውሮፕላን ለሁሉም መስመር ለመጠቀም ለፈለገ አነስተኛ ኩባንያ ግን ሲአርጄ-900 አስታራቂ ምርጫ ነበር።

የአምራቹ መውጣት

ግዢው በተፈጸመበት ጊዜ ቦምባርዲየር ከመንገደኞች አውሮፕላን ሥራ በመውጣት ላይ ነበር። በሐምሌ 2018 የሲ-ሲሪስ ፕሮግራሙን አብላጫ ድርሻ ኤርባስ ያዘ፤ አውሮፕላኑም ኤ220 ተባለ። የዳሽ 8 ፕሮግራም በሰኔ 2019 ለሌላ የካናዳ ኩባንያ ተላለፈ። በዚያው ወር፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲአርጄዎች ኢንቴቤ ከደረሱ ሁለት ወር ያህል በኋላ፣ ቦምባርዲየር የሲአርጄን ፕሮግራም በ550 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ ሚትሱቢሺ ከባድ ኢንዱስትሪዎች ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ሽያጩ ሰኔ 1 ቀን 2020 ተጠናቀቀ።

ሚትሱቢሺ የገዛው የጥገና፣ የመለዋወጫና የደንበኞች ድጋፍ ሥራውን ነው፤ ማምረቱን አልቀጠለም። የመጨረሻው ሲአርጄ በየካቲት 2021 ለአሜሪካው ስካይዌስት ተሰጥቶ ምርቱ ቆመ። በዚህም የተነሳ የዩጋንዳ አየር መንገድ አዲስ አውሮፕላን ገዝቶ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ምርቱ የቆመ አውሮፕላን ባለቤት ሆነ። አምስተኛና ስድስተኛ አውሮፕላን ለመጨመር ቢፈልግ ያገለገለ ከመፈለግ በቀር መንገድ የለውም።

ይህ ማለት ግን አውሮፕላኑ ድጋፍ አጥቷል ማለት አይደለም። የሲአርጄ ቤተሰብ በድምሩ ከ1,900 በላይ የተመረተ ሲሆን፣ ከፍተኛው ተጠቃሚ የአሜሪካ የቀጣና በረራ ገበያ ነው። እዚያ ትላልቆቹ አየር መንገዶች ከአብራሪዎች ማኅበራት ጋር ያላቸው ስምምነት ንዑስ ተቋራጮቻቸው የሚያበርሩትን ጄት በ76 መቀመጫ ስለሚገድበው፣ ሲአርጄ-900 ለዚያ ገደብ ልክ ሆኖ ተሸጧል። አሜሪካውያኑ እስከተጠቀሙበት ድረስ መለዋወጫ ይመረታል፤ ከአገልግሎት የሚወጡትም እየተፈቱ ለሌሎች ክፍል ይሆናሉ። ችግሩ አንድ የሞተር ክፍል እጥረት ሲገባ በተራው መጨረሻ የሚቆመው አራት አውሮፕላን ያለው ደንበኛ እንጂ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ያሉት አለመሆኑ ነው።

የመቀመጫ ሒሳብ

የዩጋንዳ መንግሥት ከአራቱ ጄቶች ጋር ሁለት ኤርባስ ኤ330-800 አውሮፕላኖችንም አዘዘ። የመጀመሪያው በታኅሣሥ 2020፣ ሁለተኛው በየካቲት 2021 ኢንቴቤ ደረሱ። እያንዳንዳቸው 20 የቢዝነስ፣ 28 የፕሪሚየም ኢኮኖሚና 210 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 258 መቀመጫ አላቸው። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ወደ ዱባይ፣ ከ2023 ጀምሮ ወደ ሙምባይ፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ ለንደን ጋትዊክ በረሩ።

በዕቅዱ መሠረት ሲአርጄዎቹ ከናይሮቢ፣ ከጁባ፣ ከቡጁምቡራ፣ ከሞቃዲሾና ከመሳሰሉት ከተሞች መንገደኛ እየሰበሰቡ ወደ ኢንቴቤ ያመጣሉ፤ ትላልቆቹ አውሮፕላኖች ደግሞ መንገደኞቹን ወደ ሩቅ አገሮች ይወስዳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ዘዴው እንዲሠራ ግን በርካታ መጋቢ በረራዎች በተቀራራቢ ሰዓት መድረስና መነሳት አለባቸው።

ቁጥሮቹ ሲታዩ ችግሩ ግልጽ ይሆናል። አራቱም ሲአርጄዎች በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆነው ቢያርፉ የሚያመጡት 304 ሰው ነው። አንዱን ኤ330 ለመሙላት ሦስት ሙሉ ሲአርጄና የአራተኛው ሁለት አምስተኛ ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም ከመንገደኞቹ አንድም ሰው ዩጋንዳ ላይ ሳይወርድ ሁሉም ወደ ዱባይ ወይም ወደ ለንደን ቢቀጥል ነው። ሁለቱም ኤ330ዎች በአንድ ቀን ሲነሱ 516 መቀመጫ ይጠብቃል። ከቀጣናው መንገደኞች ብዙዎቹ ደግሞ ጉዳያቸው ካምፓላ ነው። ስለዚህ ትላልቆቹ አውሮፕላኖች በዋናነት የሚተማመኑት በዩጋንዳ ገበያ ነው፤ በዚያ ገበያ ላይ ደግሞ ከኤሚሬትስ፣ ከኳታር፣ ከኢትዮጵያና ከኬንያ አየር መንገዶች ጋር መወዳደር አለባቸው።

አራት አውሮፕላን ጥቂት የሚሆንበት ምክንያት

አንድ አየር መንገድ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲያስገባ የሚከተሉት ወጪዎች አውሮፕላኑ አራትም ሆነ አርባ ብዙም የማይለዋወጡ ናቸው፦

* አብራሪዎችንና ቴክኒሻኖችን በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ማሠልጠንና ፈቃዳቸውን ማደስ፤
* የጥገና መመሪያዎችን፣ ልዩ መሣሪያዎችንና የመለዋወጫ መጋዘንን ማደራጀት፤
* ለድንገተኛ ብልሽት ቢያንስ አንድ ትርፍ ሞተር መያዝ ወይም በውል ማግኘት፤
* የደኅንነት፣ የጥራትና የበረራ ቁጥጥር ክፍሎችን ማቋቋም።

አርባ አውሮፕላን ላለው ድርጅት ይህ ወጪ በአርባ ይካፈላል፤ አራት ላለው በአራት። የዩጋንዳ አየር መንገድ ደግሞ በስድስት አውሮፕላን ላይ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶችን ስለያዘ፣ ሁለት ዓይነት አብራሪ፣ ሁለት ዓይነት መጋዘንና ሁለት ዓይነት የሞተር ውል ያስፈልገዋል። የሲአርጄ አብራሪ ኤ330 ላይ መተካት አይችልም፤ የኤ330ው ጎማም ለሲአርጄ አይሆንም።

ከዚህ የባሰው የመጠባበቂያ ጉዳይ ነው። ከአራት አውሮፕላኖች አንዱ ለታቀደ ጥገና ሲገባ የአቅም ሩብ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው በብልሽት ሲቆም ግማሹ ይሄዳል። በረራ ይሰረዛል፤ መንገደኛው ሆቴል ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ትኬቱን ከሌላ አየር መንገድ ይገዛል። በ2024 አየር መንገዱ የአቅም ክፍተቱን ለመሙላት አንድ ኤ320 አውሮፕላን ከነሠራተኞቹ መከራየቱ የዚህ ውጤት ነው። አውሮፕላንን ከነሠራተኞቹ መከራየት ለአጭር ጊዜ መፍትሔ ቢሆንም ውድ ነው፤ ኪራዩ በዶላር ይከፈላል፣ የራስ አብራሪዎችም ያለ ሥራ ደመወዝ ይበላሉ።

ቀኑም ለአየር መንገዱ አልረዳውም። የመጀመሪያ በረራው ከተደረገ ሰባት ወር ገደማ በኋላ ኮሮና መጣ። የኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ በመጋቢት 2020 ለመንገደኞች ተዘግቶ በጥቅምት 1 ቀን ተከፈተ። አራቱ አዳዲስ ጄቶች ገበያ ሊያገኙ በሚገባቸው ወራት መሬት ላይ ቆሙ።

ኪሳራና የሕዝብ ክርክር

የዩጋንዳ ዋና ኦዲተር ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት የአየር መንገዱ የየበጀት ዓመቱ ኪሳራ በዩጋንዳ ሽልንግ እንደሚከተለው ነበር፦

* 2019/20፦ ወደ 102 ቢሊዮን
* 2020/21፦ ወደ 165 ቢሊዮን
* 2021/22፦ ወደ 266 ቢሊዮን
* 2022/23፦ ወደ 325 ቢሊዮን
* 2023/24፦ ወደ 238 ቢሊዮን

የአምስቱ ዓመታት ድምር ከ1 ትሪሊዮን ሽልንግ ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የአውሮፕላኖቹ የእርጅና ተቀናሽ ስለሆነ በየዓመቱ ከካዝና የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ሆኖም አውሮፕላኖቹ በሕዝብ ገንዘብ የተገዙ በመሆናቸው ዋጋቸው አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ተቀናሹም የዚያ ክፍያ ማስታወሻ ነው።

በሚያዝያ 2021 የሥራዎችና ትራንስፖርት ሚኒስትሩ የድርጅቱን ቦርድና ከፍተኛ ኃላፊዎች ከሥራ አገዱ። በ2022 ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶችን የሚከታተለው የፓርላማ ኮሚቴ የሠራተኞች ቅጥርን፣ የግዢ አሠራርንና የኪሳራውን ምክንያት መረመረ።

ደጋፊዎች የሚሉት አየር መንገድ በመጀመሪያ ዓመታቱ አይከስርም ብሎ መጠበቅ የዋህነት እንደሆነ ነው። እንደ እነርሱ አባባል የአየር መንገዱ ጥቅም በሒሳብ መዝገቡ ብቻ አይለካም፤ ወደ ኢንቴቤ የሚደረገው ውድድር ሲጨምር የትኬት ዋጋ ይቀንሳል፣ ቱሪዝምም ይጠቀማል፣ ዓሣና አበባ የሚልኩ ነጋዴዎችም የጭነት ቦታ ያገኛሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ይኸው ገንዘብ ለመንገድ፣ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ይውል ነበር ይላሉ። አብዛኛው ዩጋንዳዊ አውሮፕላን ተሳፍሮ እንደማያውቅ በማስታወስም የድሃው ግብር የባለጸጋውን ትኬት ይደጉማል ብለው ይከራከራሉ።

ከጎረቤቶች ጋር ሲነጻጸር

ሩዋንዳኤር ሁለት አዳዲስ ሲአርጄ-900 አውሮፕላኖችን የተረከበው በ2012 ነው። የሩዋንዳው ድርጅት በዚያ ሳይወሰን ቦይንግ 737ና ኤርባስ ኤ330 ጨምሮ ኪጋሊን ማገናኛ ለማድረግ ቢሞክርም፣ ከመንግሥት ድጎማ አልተላቀቀም። መንግሥት ከኳታር አየር መንገድ ጋር የባለድርሻነት ድርድር የጀመረውም ብቻውን መዝለቅ ከባድ በመሆኑ ነው።

የታንዛኒያ አየር መንገድ ሌላ መንገድ ተከተለ። አውሮፕላኖቹን የሚገዛው የመንግሥት የበረራ ኤጀንሲ ሲሆን ለአየር መንገዱ ያከራያቸዋል። በታኅሣሥ 2018 ኤ220ን ወደ አፍሪካ ያስገባ የመጀመሪያው አየር መንገድ ሆነ። ኤ220 ምርቱ የቀጠለና ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን ነው። ነገር ግን በ2022 መጨረሻ በሞተሩ ችግር ምክንያት አየር መንገዱ ኤ220ዎቹን ከአገልግሎት ለማውጣት ተገደደ። ይህም አዲስ ቴክኖሎጂን መምረጥ በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል፤ አሮጌው አውሮፕላን መለዋወጫ ሲጠብቅ አዲሱ ደግሞ ሞተር ጠበቀ።

የኬንያ አየር መንገድ ከሁለቱም ይበልጣል፤ የቀጣና በረራውንም በኢምብራየር 190 ጄቶች ይሸፍናል። ከብዙ ዓመታት ኪሳራ በኋላ በ2024 ቢያተርፍም፣ በ2025 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት ከቦይንግ 787 አውሮፕላኖቹ ሦስቱ በመቆማቸው እንደገና ከሰረ። ከኬንያ ያነሱት ድርጅቶች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው የሚደገፉበት ሌላ አውሮፕላን እንኳ የላቸውም።

ቀሪ አማራጮች

በ2018 የአፍሪካ ኅብረት በአዲስ አበባ ይፋ ያደረገው የአንድ አፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በተሟላ ሁኔታ ሥራ ላይ ቢውል፣ የዩጋንዳ አየር መንገድ ከሁለት የውጭ ከተሞች መካከል መንገደኛ እየጫነ ሲአርጄዎቹን በቀን ለረዘመ ሰዓት ማሠራት ይችል ነበር። የበረራ መብቶች አሁንም በአብዛኛው በሁለት አገሮች ስምምነት ስለሚወሰኑ ግን ጥቅሙ ውስን ሆኖ ቆይቷል።

ለዩጋንዳ መንግሥት የቀሩት አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ተጨማሪ የቀጣና አውሮፕላኖችን በማግኘት መጋቢ በረራውን ከትላልቆቹ አውሮፕላኖች ጋር ማመጣጠን ነው። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሲአርጄ ምርት ስለቆመም ያገለገሉ ሲአርጄዎችን መፈለግ ወይም ሦስተኛ የአውሮፕላን ዓይነት ማስገባት ግድ ይላል። ሁለተኛው ከትልቅ አየር መንገድ ጋር ተጣምሮ መለዋወጫን፣ ሥልጠናንና ጥገናን መጋራት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቶጎው አስካይና በማላዊ አየር መንገድ ውስጥ ድርሻ ይዞ የሚሠራው በዚህ መልክ ሲሆን፣ ዋጋው የውሳኔ ነፃነትን በከፊል አሳልፎ መስጠት ነው። ሦስተኛው ረጅሞቹን መስመሮች ቀንሶ አራቱ ጄቶች በሚችሉት ልክ የቀጣና አየር መንገድ ሆኖ መቆየት ነው። ይህ ወጪውን ቢያቃልልም፣ አየር መንገዱ መጀመሪያ የተቋቋመበትን ዓላማ፣ ማለትም ዩጋንዳን ያለ ሌላ አገር መሸጋገሪያ ከሩቅ ገበያዎች ጋር ማገናኘትን፣ መተው ይሆናል።

ሲአርጄ-900ዎቹ በራሳቸው መጥፎ ግዢ አልነበሩም። ለመስመሮቹ የሚመጥኑ፣ አዲስ ሆነው የመጡና የመንግሥት ንብረት የሆኑ አውሮፕላኖች ናቸው። የጎደለው ከአውሮፕላኖቹ ዙሪያ ሊኖር የሚገባው ነው፦ በቂ ቁጥር፣ ትርፍ ሞተር፣ የጥገና አጋርና ከኤ330ዎቹ ጋር የሚመጣጠን የበረራ መረብ። በአፍሪካ የቀጣና ጄት ለመግዛት የሚደራደር ሌላ አነስተኛ ብሔራዊ አየር መንገድ ከአውሮፕላኑ ዋጋ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይነሳል፤ አንዱ አውሮፕላን በተበላሸ ቀን በእርሱ ምትክ የሚበርረው የትኛው ነው?